ተጀምሮ ያላለቀ ማሽን ስንት ያወጣል?

ኮልፌ የእንጨት ሰፈር ነው። በአጠና ተራ የባህር ዛፍ አጠና ተደርድሮ ለግንባታ ይሸጣል፤ ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ደግሞ ጣውላ የሚሰነጥቁ፣ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ቤቶች ይገኛሉ። በእነዚህ ቤቶች ጥግ አንዳንድ ጊዜ በላስቲክ የተሸፈነ፣ ግማሹ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ግማሹ ዝገት የለበሰ አሮጌ ማሽን ቆሞ ይታያል። ባለቤቱ በርካሽ አግኝቶ ገዝቶታል፤ አስፈትቶ ማሳደስ ጀምሯል፤ ገንዘቡ ወይም ጊዜው አልበቃ ብሎት መሀል ላይ አቁሞታል። አሁን ሊሸጠው ይፈልጋል። በዋጋው ላይ ግን ከመጣው ገዢ ሁሉ ጋር አይስማማም።

ያለመስማማቱ ምክንያት ሁለቱ ወገኖች የሚቆጥሩት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። ባለቤቱ የሚቆጥረው ያወጣውን ነው፤ መግዣውን፣ ጭነቱን፣ የመካኒኩንና የቶርኖ ቤቱን ሒሳብ፣ ቀለሙን። ገዢው የሚቆጥረው ደግሞ ገና የሚያወጣውን ነው፤ ሞተር ማስጠምጠሚያውን፣ ኩሽኔታውን፣ ቢላዋውን፣ መከለያውን። ሁለቱም ሒሳቦች በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ገበያው የሚቀበለው ግን የገዢውን ብቻ ነው። ይህን ያልተረዳ ሻጭ ማሽኑን ለዓመታት ታቅፎ ይቀመጣል፤ ያልተረዳ ገዢም ርካሽ ያገኘ መስሎት የሌላ ሰው ራስ ምታት ጭኖ ወደ ቤቱ ይገባል።

ማሽኖቹ ከየት መጡ?

በአዲስ አበባ በማሽን የሚካሄደው እንጨት ሥራ የጣሊያን እጅ ያለበት መሆኑን ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ሰጋቱራ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ቶርኖ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው ወረራ በኋላም በአገሪቱ የቀሩ ጣሊያኖች ጋራዥና የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተው ሲሠሩ ቆይተዋል። እንደ ተግባረ ዕድ ያሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ማሽኖቹን የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን አፍርተዋል።

በ1967 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ትላልቅ የምርት ድርጅቶችን ሲወርስ መሣሪያዎቻቸውም አብረው ተወረሱ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል የማዛወሩ ሥራ ሲጀመር የአሮጌ መሣሪያ ገበያውም አብሮ ተነቃቃ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ደግሞ በርና መስኮት የሚያቀርቡ አነስተኛ ድርጅቶችን አበዛ፤ ማሽን ፈላጊውም በዚያው ልክ ጨመረ።

የቅርቡ ግፊት የመጣው ከምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ አዲስ ማሽን በዶላር የሚገዛ በመሆኑ ዋጋው ከአነስተኛ ባለሙያ አቅም ይበልጥ ራቀ። በዚህ ጊዜ ዓይን ወደ አሮጌው ማሽን መዞሩ ተፈጥሯዊ ነው። ጥያቄው አሮጌው ማሽን በምን ሒሳብ ይገመት የሚለው ነው።

ቅርስ ወይስ መሥሪያ?

በእንግሊዝና በአሜሪካ አሮጌ የእንጨት ማሽን እንደ ጥንታዊ መኪና እያሳደሱ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። በ1897 እ.ኤ.አ. በእንግሊዟ ሌስተር ከተማ የተመሠረተው የዋድኪን ፋብሪካ ሥራዎች በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የተከበሩ ናቸው። ለእንዲህ ያለው ገዢ የጥንቱ ቀለም፣ የፋብሪካው ፊደልና የእጀታው ቅርጽ ሁሉ ዋጋ አላቸው።

ኮልፌ ውስጥ ያለው ገዢ ግን ሌላ ነው። ሰኞ ጠዋት ማሽኑን አስነሥቶ ጣውላ መላግ ይፈልጋል። የበር ትእዛዝ ተቀብሏል፤ ቀብድ በልቷል። ስለዚህ ለመልክ የወጣ ገንዘብ በዚህ ገበያ አይመለስም። እንዲያውም አዲስ ቀለም ብዙ ጊዜ ጥርጣሬ ይጋብዛል፤ ቀለም ስንጥቅንና የብየዳ ጠባሳን ይሸፍናልና። ሻጭ የቀረችውን ጥቂት ብር ቀለም ላይ ከሚያውላት ኩሽኔታ ላይ ቢያውላት ይሻለዋል።

ከመልክ ነገር አንድ ብቻ ገንዘብ ያወጣል። እሱም የፋብሪካው የስም ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ የፋብሪካው ስም፣ የማሽኑ ዓይነትና መለያ ቁጥሩ ይገኛሉ፤ የሞተሩ ሰሌዳ ደግሞ ጉልበቱን፣ ቮልቱንና በደቂቃ የሚዞረውን ዙር ይናገራል። ለምሳሌ በጣሊያን ሪሚኒ ከተማ የሚገኘው ኤስሲኤም በ1952 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ኮምባይንድ ማሽን፣ ማለትም መላጊያውን፣ መጋዙንና ሌላውንም ሥራ በአንድ አካል የያዘ ማሽን፣ ሠርቶ የተነሣ ሲሆን እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የታወቀ ማሽን መለዋወጫው ባይገኝ እንኳ ልኩ ተገኝቶ በቶርኖ ሊሠራለት ይችላል። ሰሌዳው የጠፋ ወይም ቀለም የዋጠው ማሽን ግን አባቱ እንደማይታወቅ ነው።

ወለሉና ጣሪያው

ለአሮጌ ማሽን ዋጋ ወለልና ጣሪያ አለው። ወለሉ የብረቱ ዋጋ ነው። ማሽኑ ፈጽሞ የማይነሣ ቢሆን ቆራሌው ወይም የምናለሽ ተራ ነጋዴ በኪሎ የሚከፍልበት ነው። የአሮጌ ማሽን ጠረጴዛና እግር ቀልጦ የተቀዳ ከባድ ብረት በመሆኑ ወለሉ የሚናቅ አይደለም። ጣሪያው ደግሞ የዚያው ዓይነት ማሽን ተነሥቶ፣ ጣውላ እየላገ፣ በገዢው ፊት ሲታይ የሚያወጣው ዋጋ ነው።

ግማሽ የታደሰው ማሽን የሚቆመው በሁለቱ መካከል ነው። ወደየትኛው እንደሚጠጋ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የተፈታው ዕቃ በሙሉ መኖሩ። ከተፈታ ማሽን ውስጥ አንድ የጠፋ ጥርስ ወይም ማስተካከያ ብሎን፣ ከሱቅ የማይገኝ ከሆነ፣ በቶርኖ ቤት ወረፋ ሳምንታትን ይበላል። ሁለተኛ፣ የቀረው ሥራ የታወቀ መሆኑ። ሦስተኛ፣ ዋናው አካል ጤነኛ መሆኑ። ሞተር ይለወጣል፤ ኩሽኔታ ይገዛል፤ የተሰነጠቀ ወይም የጎበጠ ጠረጴዛ ግን ማሽኑን ወደ ወለሉ ዋጋ ይጥለዋል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋዎች አይደሉም።

አንድ ባለሙያ የጣውላ መላጊያ ማሽን በ120,000 ብር ገዛ እንበል። ለእድሳት 105,000 ብር አወጣ። በጠቅላላው 225,000 ብር ሆነ። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አልቆ ሲሠራ ቢታይ 300,000 ብር ያወጣል። ለቀሪው ሥራ 60,000 ብር ያስፈልጋል፤ ያልታሰበ ነገር ስለማይጠፋ ለዚያ 12,000 ብር ይያዝ። ሥራውን የሚጨርሰው ገዢ ደግሞ ለድካሙና ለሥጋቱ 30,000 ብር ማትረፍ ይፈልጋል። ከ300,000 ላይ እነዚህ ሁሉ ሲቀነሱ 198,000 ብር ይቀራል። ዛሬ ባለበት ሁኔታ የማሽኑ ዋጋ ይህ ነው።

ባለቤቱ ይህን ሲሰማ 27,000 ብር ከሰርኩ ብሎ ይቆጣል። ከ225,000 በታች አልሸጥም ይላል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። 225,000 ብሩ ወጥቷል፤ ቢሸጥም ባይሸጥም አይመለስም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ዛሬ በፊቱ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። ወይ ዛሬ 198,000 ብር ይቀበላል፤ ወይ 72,000 ብር ጨምሮ፣ አጠናቅቆ፣ በ300,000 ሸጦ 228,000 ብር በእጁ ያስገባል። ልዩነቱ 30,000 ብር ነው።

ይህ 30,000 ብር ለባለቤቱ በነፃ አይመጣም። ሥራውን ለመጨረስ አራት ወር ይፈጅበታል እንበል። ማሽኑ የያዘው ቦታ በወር 4,000 ብር ኪራይ ቢታሰብ 16,000 ብር ይሆናል። ዛሬ ሊያገኘው ይችል የነበረው 198,000 ብር በወር አንድ ተኩል ከመቶ ቢታሰብ 2,970 ብር፣ በአራት ወር 11,880 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 27,880 ብር ይሆናሉ። ከ30,000 የሚተርፈው 2,120 ብር ብቻ ነው፤ ይህም የራሱ የባለቤቱ ጉልበት ሳይታሰብ ነው። ሥራው አንድ ወር ቢዘገይ ሌላ 6,970 ብር ይጨመራል፤ ትርፉም ወደ 4,850 ብር ኪሳራ ይለወጣል።

አሁን ገዢው የራሱ ቦታ ያለው፣ መካኒክነት የሚያውቅ፣ ሥራውን በአንድ ወር የሚጨርስ ሰው ነው ብለን እናስብ። ያው 30,000 ብር ለእሱ ጥሩ ገንዘብ ነው። ከስሌቱ የሚወጣው ቁም ነገር ይህ ነው። ያላለቀ ማሽን ዋጋ የሚያወጣው በፍጥነት ሊጨርሰው በሚችል ሰው እጅ ነው። ባለቤቱ ራሱ ያ ሰው ከሆነ ይጨርሰው፤ ካልሆነ ያ ሰው የት እንዳለ ፈልጎ ይሽጥለት።

«ብረት አይበሰብስም»

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። ብር ዋጋው እየወረደ ነው፤ ብረት ግን አይበሰብስም፤ ማሽኑን ይዞ መቆየት ገንዘብን ባንክ ከማስቀመጥ ይሻላል የሚል ነው። በ2016 ዓ.ም. ማሽን በእጁ የነበረ ሰው ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ የንብረቱ የብር ዋጋ ሲጨምር በማየቱ ይህን ቢል አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ መከራከሪያው በሙሉ የሚሠራው ለሚሠራ ማሽን ነው። የሚሠራ ማሽን ዋጋው ሲጠበቅ ገቢም ያስገባል። የተፈታ ማሽን ግን ገቢ የለውም። የምንዛሪ ለውጥ የጣሪያውን ዋጋ ከፍ ሲያደርግ ከውጭ የሚመጣውን ኩሽኔታ፣ ቢላዋና የሞተር ሽቦም አብሮ ያስወድዳል። በላዩ ላይ፣ የተላገ የብረት ገጽ በክረምት እርጥበት ይዝጋል፤ በጣሳ የተቀመጠ ብሎን ለሌላ ሥራ ይወሰዳል፤ ማሽኑን የፈታው መካኒክ ሰፈር ይለውጣል። ዕቃውን እንዴት እንደፈታው የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ከሆነ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ብረት ባይበሰብስም ይበተናል።

ገዢው ምን ያያል?

ልምድ ያለው ገዢ ቀለም አያይም። መጀመሪያ ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ በጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ይመለከታል። ቀጥሎ ቢላዋውን የተሸከመውን ዘንግ በእጁ ያዞራል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃል። የሚንኳኳ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ወይም መቀመጫው ተበልቷል። ኩሽኔታ መቀየር ቀላል ነው፤ የተበላ መቀመጫ ግን የቶርኖ ሥራ ነው።

በጣም አሮጌ በሆኑት ማሽኖች ላይ ጥይት ያለው ኩሽኔታ ላይገኝ ይችላል። ዘንጉ ቆርቆሮና እርሳስ ባለበት ለስላሳ ነጭ ብረት ውስጥ ተቀምጦ በዘይት ይዞራል። ይህ ጥሩ አሠራር ቢሆንም እንደገና ማፍሰስ የሚችል ባለሙያ ይፈልጋል። ሻጭ ይህን አስቀድሞ ቢናገር ዋጋው ይቀንሳል ብሎ ይፈራል፤ ነገር ግን ገዢው ራሱ ሲያገኘው የሚቀንሰው ከዚያ ይበልጣል።

የፑሌጃውም ልክ ይታያል። በደቂቃ 2,850 ዙር በሚዞር ሞተር ላይ 100 ሚሊ ሜትር ፑሌጃ፣ በቢላዋው ዘንግ ላይ ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ፑሌጃ ቢታሰር ዘንጉ በደቂቃ 4,750 ዙር ይዞራል። በእድሳት ጊዜ የተገኘው ፑሌጃ ዝም ብሎ ከታሰረ ግን ዘንጉ ፋብሪካው ከፈቀደው በላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ውጤቱም አደጋ ነው። በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ጣውላው ሻካራ ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ገዢን የሚያሳምነው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ማየት። ማሽኑ ባያልቅም ሞተሩና ዘንጉ ብቻ ተገጥመው ለአሥር ደቂቃ ቢዞሩ፣ ሙቀቱና ድምፁ ቢታወቅ፣ ገዢው ለማይታወቅ ነገር ብሎ የሚቀንሰው ገንዘብ ይወርዳል። ሻጭ የቀረችውን ትንሽ ገንዘብ በአንድ ቦታ ብቻ ሊያውል ከተገደደ እዚህ ላይ ያውላት።

ኤሌክትሪኩን መርሳት ያስከፍላል

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአንድ ፌዝ 220 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ዑደት ነው። የብዙ አሮጌ ፋብሪካ ማሽኖች ሞተር ሦስት ፌዝ ነው። ገዢው ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ብቻ ካለው ወይ ሞተር መለወጥ ወይ መስመር ማስገባት አለበት። ይህ ወጪ በማሽኑ ላይ ያለ ጉድለት ባይሆንም ከዋጋው ላይ መቀነሱ አይቀርም።

ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ደግሞ ሌላ ነገር አለበት። የዚያ አገር ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ዑደት በመሆኑ ሞተሩ እዚህ ሲነሣ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ለ60 ዑደት የተሠራ የ220 ቮልት ሞተር በ50 ዑደት ላይ ያንኑ 220 ቮልት ሲያገኝ ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ጥምጥሙ የተቃጠለ ሞተር የሚያስጠምጥም ሰውም ሰሌዳውን ለጠምጣሚው ማሳየት ይኖርበታል።

የጣት ጉዳይ

በድርድር ጊዜ ብዙም የማይነሣው፣ ሊነሣ የሚገባው ግን የመከለያ ነገር ነው። ለእድሳት ሲፈታ በመጀመሪያ የሚወልቀውና በመጨረሻ የሚገጠመው መከለያ ነው። በግማሽ የቆመ ማሽንም ብዙ ጊዜ ያለ መከለያ ይሸጣል። ገዢው ሥራ ይቸኩላል፤ ነገ አሠራዋለሁ ይላል፤ ነገ አይመጣም። የሚላግን ጣውላ በእጁ እየገፋ ወደ ቢላዋው የሚያቀርበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን ተቀጣሪው ወጣት ነው።

ከሁሉም የከፋው በጥንታዊ መላጊያ ማሽኖች ላይ የሚገኘው አራት ማዕዘን የቢላዋ ዘንግ ነው። በማዕዘኖቹ መካከል ክፍተት ስላለው ጣትን ወደ ውስጥ ይስባል። ክብ ዘንግ ቢያንስ ክፍተቱን ያጠባል። እንዲህ ያለ ዘንግ ያለበት ማሽን ዘንጉ እስኪለወጥ ድረስ እንዳለቀ ሊቆጠር አይገባም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሠራተኛን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ስለዚህ የመከለያ ዋጋ በቀሪው ሥራ ዝርዝር ውስጥ በመጀመሪያው ረድፍ ቢገባ ለገዢው የሚጎዳው ነገር የለም። በገንዘብ ቢታሰብ እንኳ ከአንድ ጣት በጣም ይረክሳል።

የአሮጌ ቀለም አቧራም እንዲሁ ነው። በጥንት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ይገኝ ነበር። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው አቧራውን ይተነፍሳል። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ሊሠራ አይገባም።

ሊብሬ የሌለው ንብረት

ማሽን እንደ መኪና ሊብሬ የለውም። ስለዚህ የማን መሆኑን የሚያሳየው የግዢ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የጨረታ ሰነድ ወይም የቀድሞ ሽያጭ ውል ነው። ገዢው በተለይ ሁለት ነገር ማጣራት ይኖርበታል።

አንደኛው ማሽኑ በካፒታል ዕቃ ኪራይ የተገኘ እንዳይሆን ነው። ይህ ሥራ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 103 መሠረት የሚካሄድ ሲሆን፣ በኪራይ ዘመኑ የማሽኑ ባለቤት አከራዩ ድርጅት ነው። ተከራዩ ከፍሎ ሳይጨርስ ሊሸጠው አይችልም። ሁለተኛው ማሽኑ በብድር መያዣነት እንዳይኖር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት በመያዣነት እንዲሰጥና መያዣውም በመዝገብ እንዲገባ ያደርጋል። ማሽኑ በሻጩ ግቢ መቆሙ ከዕዳ ነፃ መሆኑን አያረጋግጥም።

ስለ ጉድለት ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግልጽ ነው። ከቁጥር 2287 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለው መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድዱታል። ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ ሳይውል ሳያድር መመርመርና ያገኘውን ጉድለት ማስታወቅ አለበት። ገዢው በውሉ ጊዜ ያወቀው ጉድለት ግን ሻጩን አያስጠይቀውም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለግማሽ የታደሰ ማሽን ሻጭ ትልቅ መከላከያ ነው። የተሠራው፣ ያልተሠራው፣ የጠፋውና የተበየደው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ተዘርዝሮ ሁለቱም ወገኖች ቢፈርሙበት ከሽያጭ በኋላ የሚነሣ ጭቅጭቅ ይቀንሳል። «ባለበት ሁኔታ ተሸጧል» የሚለው አንድ መስመር ብቻውን የዝርዝሩን ያህል አያድንም፤ አውቆ ለደበቀ ሻጭ ደግሞ ጨርሶ መሸሸጊያ ሊሆነው አይገባም።

ቀብድም በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። በዚያው ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ነገ የተሻለ ገዢ ይመጣል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሻጭ ዛሬ ቀብድ ባይቀበል ይሻለዋል።

ለማን፣ እንዴት ይሸጥ?

ያላለቀ ማሽን ለሁሉም የሚቀርብ ዕቃ አይደለም። አዲስ ሥራ ጀማሪ የሆነው ወጣት ዋጋው ስለረከሰለት ይመጣል፤ «ጋሼ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?» እያለ በትሕትና ይደራደራል፤ ነገር ግን ማሽኑን የሚጨርስበት ገንዘብም ሙያም ላይኖረው ይችላል። ያለውን ጥሪት ከፍሎ ያልሚሠራ ብረት ቢረከብ፣ ሻጩም ወቀሳው አይለቀውም፤ እሱም ከሥራ ይወጣል። ለእንዲህ ያለው ገዢ የሚሻለው አነስ ያለም ቢሆን የሚሠራ ማሽን ነው። ትክክለኛዎቹ ገዢዎች ማሽን ጠጋኞች፣ ያው ዓይነት ማሽን ኖሯቸው መለዋወጫ የሚፈልጉ የእንጨት ሥራ ቤቶችና የራሳቸው መካኒክ ያላቸው ድርጅቶች ናቸው።

ደላላም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ማን ምን ዓይነት ማሽን እንዳለው የሚያውቀው እሱ ነውና። የኮሚሽኑ መጠንና ማን እንደሚከፍለው ግን ገዢ ከመምጣቱ በፊት ይነገር። ደላላው የሻጩን የተፈረመ ዝርዝር ይዞ ቢዞር ለራሱም ስም ይሆነዋል። አንድ ጊዜ ያታለለ ደላላ በኮልፌ ያሉ አናጢዎች ሁሉ ያውቁታል።

ጭነቱም አስቀድሞ ይታሰብ። ከባድ የብረት አካል ያለ ማንሻ በሰው ጉልበት ሲወርድ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ጠረጴዛ ዋጋው ወዲያው ወደ ወለሉ ስለሚወርድ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ፣ ርክክቡም በሻጩ በር ወይስ በገዢው ቤት እንደሆነ በውሉ ላይ ይጻፍ። ትንንሾቹ ዕቃዎች በሣጥን ተቆጥረው፣ በየከረጢቱ ከየት እንደወለቁ ተጽፎባቸው ቢሰጡ ለገዢው የብዙ ቀን ሥራ ያድንለታል፤ ለሻጩም በዋጋ ይከፈለዋል።

በአጠቃላይ ባለቤቱ ሊወስን የሚገባው አንድ ነገር ነው። ማሽኑን የሚጨርስበት ቀን፣ ገንዘብና ባለሙያ በእጁ ካለ ቀን ቆርጦ ይጨርሰው። ከሌለው የወጣውን ረስቶ፣ የቀረውን በሐቅ ቆጥሮ፣ ሊጨርሰው ለሚችለው ሰው ይልቀቅለት። በላስቲክ ተሸፍኖ የቆመ ማሽን ለማንም ጣውላ አይልግም፤ ኪራዩ ግን በየወሩ ይቆጥራል።